በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣
በሦስተኛ «ለ» ክፍል፣ በኪራዩ ቪላ፣
ልጆች በሚማሩበት በአጭር አግዳሚ
ጉልበቱን ታቅፎ ሁሉም ሰው ታዳሚ፣
የአምስት ዓመት ዕቅድ ልናወጣ መጣን፤
ለእኔ የደረሰኝ የጸሐፊ ሥልጣን።

አማካሪው ይትባረክ፣ ከአዲስ አበባ፣
የሐዋሳ አሸዋ ጫማውን ሳይነካው በሩን አልፎ ገባ።
አንሶላ ሰቀለ በሰሌዳው ላይ፤
አራት ቤት አበራ፣ ጠጠር የሌለበት ገበጣ የሚመስል ሲታይ።
«ጥንካሬና ድክመት፣ ዕድልና ስጋት፤
ሥራችሁ ቀላል ነው፣ በየቤቱ መክተት።»

ራዕዩ ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ሄደ፤
«ተመራጭ» ተጽፎ፣ በ«ተወዳዳሪ» ተሽሮ፣ ተናደ።
«ከሐዋሳ አንደኛ?» «ከክልሉ?» «ከአፍሪካ ቀንድ?»
ታቦርን አልፈን ሄድን፣
የራሳችን ግንብ ሳይኖረን፣ የራሳችን መንገድ።

ጥንካሬ ሲባል ተሻማ ታዳሚው፤
«የሚኒስትሪ ውጤት»፣ «ግቢው»፣ «የዛፍ ጥላው»።
ድክመት ሲባል ግን ዝም።
ከቆርቆሮው በላይ፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ጠግቦ የመጣ
አባ ኮዳ ብቻ፣ ኳ፣ ኳ፣ እያለ ጣሪያውን ሊለካ ወጣ፣
ልክ እንደ አከራያችን።

አከራዩን ጻፍኩት በስጋት ቤት ውስጥ፤
«ውሉ ሰባት ወር ቀርቶታል፤ ሰውየውም ሊሸጥ
ከሆቴል ሠሪ ጋር ሐይቅ ዳር ታይቷል።»
ማን እንዳየው እንጃ፤ ሁሉም ሰው ሰምቷል።

ገንዘብ ያዧ ጥሩዓለም፣ መነጽሯን ጠርጋ፣
መርዶ እንደሚያረዳ ሰው፣ ድምጿ ረጋ፣ ረጋ፤
«ሠላሳ በመቶ ክፍያ ካልጨመርን
ከመጋቢት ወዲያ ደመወዝም አይኖረን።»
መምህር ዘሪሁን፣ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው፣
ማታ ማታ ባጃጅ ከመናኸሪያ ፒያሳ የሚያሽከረክረው፣
ደመወዝ ሲባል ቀና አለ፤
ክፍያ ሲባል አቀረቀረ።

እትዬ ሽታዬ፣ የአንገት ሐብሏን ሸጣ
በዐሥራ አንድ ልጅ ይህን ቤት የከፈተች፣ ያኔ፣ ጸጉሯ ሳይነጣ፣
«በዚህ ጭማሪ» አለች፣ «ስንት ልጅ ይወጣል?»
ይትባረክ ቁልፍ ነካ። «ጥናቱ ይመልሳል፤
ዐሥራ አንድ በመቶ።»
«ከአራት መቶ ዐሥራ ሁለቱ፣ አርባ አምስት» አለች ጥሩዓለም፣ ሒሳቡ ተሰልቶ።

«አርባ አምስት ምን?»

መልስ የሰጣት የለም።
ሀጢሶ ዘበኛው ግን፣ የሚላቀቀውን የኤሌክትሪክ ገመድ
ደግፎ ለመያዝ ከጥግ ተንበርክኮ የቆየው፣
ሳይጠየቅ፣ ቀና ሳይል፣ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።
«የዓሣ ሻጯ ልጅ፣ ዳራሬ፤ አንድ።
የልብስ ሰፊው መንትዮች፤ ሦስት ሆኑ።
በክፍያ ሰሞን ከአጥር ጥግ የሚዘገየው፣ ያ ቀጭኑ።
ከታቦር ሥር በእግሯ የምትመጣው፣ ከሰላምታዋ እንባዋ የሚቀድማት።
የነርሷ ሦስት ልጆች፣ ያቺ ባሏ የሞተባት።»
ስምንት ላይ ደረሰ። ዘጠነኛ ጣቱን አጠፈና ዘሪሁንን አየ፤
መልሶ ዘረጋው፤ ቁጥር እንደ ጠፋበት ሰው ትንሽ ቆየ።
«ቁጠረው» አለ መምህሩ። «የእኔ ልጅ ነው፤ ቁጠረው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ይህን በየትኛው ቤት ልክተተው?

የጻፍኩት ይህን ነው፤
«በአጀንዳው ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ፣
ለመጪው ቅዳሜ ተላልፏል።»
ያልጻፍኩት፤ ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ፣ አንሶላው ሲገፈፍ፣
ከሥሩ የዓርቡ ማካፈል፣ ጠመኔው ሳይራገፍ፣
በተረኛው ልጅ ጽሕፈት፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፤
«ቀሪውን አትርሱ።»

እትዬ ሽታዬ ዳስተሩን አነሳች፤
አየችው፤ መልሳ አስቀመጠች።
ይትባረክ አንሶላውን አጥፎ ከቦርሳው ሊከት ሲል
«እሱ እንኳ የእኔ ነው» አለ ሀጢሶ፣ ቁልፉን እያንሿሿ፤
«ሌሊት ከሐይቁ ይነፍሳል።
ለቅዳሜ አመጣዋለሁ።»